አሥራ ስድስት ሲሉ ስንት ማለታቸው ነው?

ሻጩ ሚክሰሩን ከካርቶኑ አውጥቶ መስታወቱ ላይ ገና ከማሳረፉ፣ ገንዘብ ያዥዋ በአመልካች ጣታቸው ከግራ ወደ ቀኝ ተንሸራታች ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየነኩ መቁጠር ጀመሩ። አብሯቸው የመጣው ልጅ "እስከዚህ ድረስ ነው እትዬ፤ ከዚህ ወዲያ ያሉት ቻናል አይደሉም" እያለ ድንበሩን አሳያቸው። ቆጥረው ሲጨርሱ ቀና አሉ።

"አሥራ ሁለት ነው።"

"አሥራ ስድስት ነው እናቴ፤ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል" አለ ሻጩ።

"እኔ ካርቶኑን አይደለም የምገዛው።"

መርካቶ ነን፤ ቅዳሜ ረፋድ። ጎረቤት ያለው ሱቅ ስፒከር እየሞከረ ስለሆነ የምንነጋገረው በጩኸት ነው። ሻጩ ትዕግሥት ያለው ሰው ነበርና ጎንበስ ብሎ አስረዳቸው። በግራ በኩል ያሉት ስምንቱ ነጠላ ቻናሎች ናቸው፤ ቀጥለው ያሉት አራቱ ግን ድርብ ስለሆኑ ሁለት ሁለት ተብለው ይቆጠራሉ፤ ስምንትና ስምንት አሥራ ስድስት። ሒሳቡ አልተሳሳተም። እሳቸው ግን የሰንበት ትምህርት ቤት ገንዘብ ይዘው የኖሩ ሰው ናቸው፤ ድምር አያታልላቸውም።

"እሺ። ስንት ማይክ ይሰካበታል?"

ሻጩ ሚክሰሩን ወደ ራሱ አዙሮ ቀዳዳዎቹን ቆጠረ።

"አሥር።"

እኔ እዚያ የተገኘሁት ለምክር ተብዬ ነው። በወጣትነቴ ለሠርግ ባንድ ድምፅ እሠራ ነበር፤ ይህን የሚያውቅ ዘመድ "አንተ ትገባበታለህ" ብሎ አገናኘን። ከዚያች ጥያቄ በኋላ ግን ዋናው ምክር ከእጄ ወጣ። የሚክሰር ግዢ ላይ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት እሳቸው የጠየቁት ነው፤ እኔም ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣሁት ስንቱ ሰው ሳይጠይቀው እንደሚገዛ ስለማውቅ ነው።

ድርብ ቻናል የሚባለው ግራና ቀኝ ሆኖ ለሚመጣ ድምፅ የተሠራ ነው፤ ለኮምፒውተር፣ ለስልክ፣ ለኪቦርድ። ሁለት ቀዳዳ ይኑረው እንጂ ብዙውን ጊዜ የሚሰካበት ማይክ አንድ ነው፤ አንዳንዱ ጭራሽ የማይክ መሰኪያ የለውም። ስለዚህ በስሙ ላይ ያለው ቁጥርና የማይኩ ቁጥር ይለያያሉ። የያማሃው ኤም ጂ 16 ኤክስ ዩ በስሙ 16 ይበል እንጂ የሚቀበለው 10 ማይክ ነው። ታናሹ ኤም ጂ 12 ኤክስ ዩ 6 ማይክ፣ ኤም ጂ 10 ደግሞ 4 ማይክ ይወስዳሉ። የቤሪንገሩ ኤክስ አር 16 ዲጂታል ቢሆንም የማይክ መሰኪያው 8 ነው። ፋብሪካዎቹ አልዋሹም፤ መመሪያው ላይ በግልጽ ጽፈውታል። መመሪያው ግን የሚነበበው ከተገዛ በኋላ ነው።

እኔም በዚሁ ቁጥር ተሸውጃለሁ። ባንዳችን ከወር ወር እያጠራቀመ ባለ 16 የተባለ ሚክሰር ገዛ። የምረቃው ሥራ ሠርግ ነበር። አዳራሽ ገብተን ገመድ ስንዘረጋ ማይኮቹ ቦታ አጡ። ሙሽሮቹ በር ላይ ደርሰዋል። የመሰንቆውን ማይክ ነቅዬ ለሁለተኛው ድምፃዊ ሰጠሁ፤ መሰንቆ ተጫዋቹን ደግሞ ከዋሽንት ነፊው ጋር በአንድ ማይክ ትከሻ ለትከሻ አስቀመጥኩት። ያ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ዛሬም ሰላምታው ቀዝቃዛ ነው።

ከሱቁ ወጥተን ቡና ልንጠጣ ተቀመጥን። ልጁ፣ የመዘምራኑን ድምፅ የሚቆጣጠረው እሱ ነው፣ ደረሰኝ ገልብጦ እስክሪብቶ አወጣ። መድረኩን ከግራ ወደ ቀኝ በዓይነ ሕሊናህ እየሄድክ ጻፈው አልኩት። ሰባኪው አንድ። አትሮንሱ ላይ ለጸሎትና ለማስታወቂያ አንድ። መሪ ዘማሪዎች ሁለት። መዘምራኑ በአራት ማይክ ይሸፈናሉ። ከበሮ ሁለት። በገና አንድ፣ መሰንቆ አንድ፣ ዋሽንት አንድ። ክራሩ በጃክ ነው የሚመጣው፤ ግን ገመዱ ረጅም ስለሆነ ዲ አይ በምትባለው ትንሽ ሣጥን በኩል አልፎ የማይክ ቀዳዳ ይይዛል፤ አንድ። አሥራ አራት ሆነ። መዝሙር ለማጫወት ላፕቶፕ ሲጨመር ግራና ቀኙ ሁለት፤ አሥራ ስድስት።

"ያው ባለ 16 ነው ማለት ነው" አሉ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰብሳቢ፣ መምህር ናቸው፣ ደስ ብሏቸው።

"አይደለም መምህር" አለ ልጁ። "አራት ሰው ውጭ ይቀራል።"

በነገራችን ላይ ማይክ ማብዛት በራሱ በጎ ነገር አይደለም። ክፍት ማይክ በእጥፍ ሲጨምር፣ ከአራት ስምንት ቢሆን፣ ስፒከሩ ሳያፏጭ ልትደርስበት የምትችለው የድምፅ ልክ በ3 ዴሲቤል ይቀንሳል። ደግሞም ዘማሪው ከማይኩ የሚርቅበት ርቀት እጥፍ ሲሆን ማይኩ የሚሰማው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይወርዳል። ብዙ ማይክ ርቆ ከማቆም ጥቂቱን ማስጠጋት ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ውስጥ ዉድስቶክ በተባለው ፌስቲቫል ላይ 400 ሺህ ለሚሆን ሰው ድምፅ ያደረሰው ቢል ሃንሊ የተጠቀመው ሹር ኤም 67 የሚባሉ፣ እያንዳንዳቸው 4 ማይክ ብቻ የሚቀበሉ ትንንሽ ሚክሰሮችን ነበር።

* * *

በማግስቱ ለጉባኤ ሄድኩ። ደብሩ ከተማው ዳር ነው፤ አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ከማንም ሚክሰር በላይ ይጮኻል። በሁለቱ ማዕዘን ትልልቅ ሞንታርቦዎች ቆመዋል። ሞንታርቦ የአንድ ጣሊያናዊ ኩባንያ ስም ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ማንኛውም ትልቅ ድምፅ ማጉያ፣ የትም ይሠራ፣ ሞንታርቦ ነው። እነዚህም ላይ የተጻፈው የሌላ ኩባንያ ስም ነበር።

አሮጌው ሚክሰር ከኋላ ግድግዳ ሥር፣ ተማሪ ጥሎት የሄደ በሚመስል ዴስክ ላይ ተቀምጧል። ልጁ ነጠላ ጨርቁን ገለጠለት። ሁለት ቁልፍ የለውም። ሦስተኛው ቻናል በጎን በኩል መታ ካላደረጉት አይናገርም። ጉባኤው ተጀምሮ ሰባኪው ሲናገሩ ምንም አልነበረበትም፤ ማይኩን አፋቸው አጠገብ ይይዛሉ። ከዚያ አንዲት እህት በገና ይዛ ወጣች፤ ችግሩም አብሮ ወጣ።

በገና 10 አውታር አለው። እያንዳንዱ አውታር ከሥሩ እንዝራ የሚባል ትንሽ ቆዳ አለው፤ ያ ነዛሪ፣ ሆድ ውስጥ የሚገባ ድምፁ የሚመጣው ከዚያ ነው። ግን ለስለስ ያለ መሣሪያ ነው፤ አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው እንጂ ለአዳራሽ አልተሠራም። ልጁ ድምፁን ለማምጣት የቻናሉን ጌይን ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው አዞረው። በገናው መጣ፤ አብሮት ግን ወንፊት ላይ አሸዋ እንደሚነፋ ያለ ሽውታ መጣ። ምዕመኑ ዝናብ የጀመረ መስሎት ቀና ብሎ ቆርቆሮውን አየ።

ሚክሰር ለምን እንደሚወደድ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከማይክ የሚወጣው ኤሌክትሪክ የቮልት ጥቂት ሺህኛ ነው። ያን ለሚክሰሩ የሚበቃ የሚያደርገው በመግቢያው ላይ ያለው የመጀመሪያ ማጉያ ነው፤ ባለሙያዎቹ ፕሪአምፕ ይሉታል፤ ጌይን የምንለው ቁልፍ የሚያዘው እሱን ነው። 60 ዴሲቤል ጌይን ማለት ቮልቴጁን 1000 ጊዜ ማባዛት ማለት ነው። ሲባዛ ታዲያ የማጉያው የራሱ ሽውታም አብሮ ይባዛል። ጥሩው ሚክሰርና መናኛው ሰባኪ ላይ አይለዩም፤ የሚለዩት በገና ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ "ሃሎ፣ አንድ፣ ሁለት" ብሎ መሞከር ለዚህ ነው ምንም የማይነግረን። መሞከሪያው ዝምታ ነው፤ ማይክ ሰክቶ፣ ጌይኑን ሦስት አራተኛ ከፍቶ፣ በጆሮ ማዳመጫ ዝምታውን ማዳመጥ።

የከበሮው ጉዳይ ተቃራኒው ነው። ከበሮ የሚልከው ምት ማጉያውን ገና በመግቢያው ላይ ሊያጨናንቀው ይችላል፤ እዚያ ላይ የተሰነጠቀ ድምፅ ወደታች ተንሸራታቹን ዝቅ ቢያደርጉት ዝቅ ያለ ስንጥቅ ይሆናል እንጂ አይጠገንም። ያረረ ሽሮ በቅቤ አይድንም። ስለዚህ በመግቢያው ላይ ድምፁን አስቀድሞ የሚቀንስ ፓድ የሚባል ቁልፍ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል፤ ከላይ የጠቀስኳቸው የያማሃ ሚክሰሮች በአንዳንድ ቻናሎቻቸው ላይ በ26 ዴሲቤል የሚቀንስ አላቸው። ሌላው ታችኛውን ጉርምርምታ የሚቆርጠው ቁልፍ ነው። ለሰባኪው ይጫኑት፤ የትንፋሹንና የእግሩን ዱካ ያጠፋል። በበገናው ቻናል ላይ ከጫኑት ግን በገናውን ክራር ያደርገዋል። አሮጌው ሚክሰር ላይ ይህ ቁልፍ ለሁሉም ቻናል ተጭኖ ነበር። ማን እንደጫነው የሚያስታውስ የለም።

* * *

ጉባኤው መሀል መሪ ዘማሪዋ በእጇ ወደ ጆሮዋ እያመለከተች ልጁን አየችው። ራሷን አልሰማችም። ልጁ ትከሻውን ከፍ አድርጎ ዝቅ አደረገ፤ የሚያደርገው ነገር አልነበረውም።

ይህ የኦክስ ጉዳይ ነው፤ ከማይኩ ቁጥር ቀጥሎ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ለሕዝቡ የሚሄደው ዋናው ድምፅ የጋራ ገበታ ነው። ኦክስ ግን ለጾመኛው ለብቻው እንደሚቀርበው ሰሃን ነው፤ ከዚያው ማዕድ ቤት ይወጣል፣ የሚጨመርበትና የሚቀርበት ግን ሌላ ነው። ዘማሪዋ ፊት ለፊት ባለው ሞኒተር የራሷን ድምፅና መሰንቆውን ትፈልጋለች፤ ከበሮ መቺው መሪዋን ብቻ ይፈልጋል። ሁለት ሰሃን። ግቢው ውስጥ ቆሞ ለሚሰማው ሕዝብ የሚሄደው ሦስተኛ። ለኢኮው አራተኛ። የሞኒተሩ ኦክስ ደግሞ ከተንሸራታቹ በፊት የሚነሣ መሆን አለበት፤ አለዚያ ለሕዝቡ ድምፅ ዝቅ ባደረጉ ቁጥር የዘማሪዋም ጆሮ ይደርቃል።

አምስተኛውን ያነሡት ገንዘብ ያዥዋ ናቸው። ውጭ አገር ያለች እህታቸው ጉባኤውን በዩቲዩብ ትከታተላለች። "ከበሮ የለም ወይ ትለኛለች ሁልጊዜ። አጠገቤ ሆኖ እያደነቆረኝ!"

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኝም። አዳራሹ ውስጥ ከበሮው በራሱ ጉልበት ስለሚሰማ ልጁ በሚክሰሩ ላይ ዝቅ ያደርገዋል፤ በኢንተርኔት የሚላከው ግን ሚክሰሩ ውስጥ ያለው ድምፅ ነው። ስለዚህ ዋሽንግተንና ዱባይ ያለው ሰው የሚሰማው ከበሮ የተቀነሰበትን መዝሙር ነው። ለእነሱ የራሳቸው ሰሃን፣ የራሱ ኦክስ ያስፈልጋል። አምስት ሆነ ማለት ነው። ኤም ጂ 16 ኤክስ ዩ የኢኮውን ጨምሮ 4 ኦክስ አለው፤ ኤም ጂ 12 ኤክስ ዩ 2 ብቻ። በማይኩ ቢበቃን እንኳ በሰሃኑ ያጥረናል።

ግቢው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረው። ከአዳራሹ በር 30 ሜትር ያህል ርቆ የተሰቀለው ስፒከር አጠገብ የቆሙት እናቶች ስብከቱን ሁለት ጊዜ ይሰሙታል፤ አንዴ ካጠገባቸው፣ አንዴ ከአዳራሹ ዘግይቶ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው፤ 34 ሜትር ለመሄድ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ይፈጅበታል። መድኃኒቱ የግቢውን ስፒከር በዚያች ልክ ማዘግየት ነው። ተራው አናሎግ ሚክሰር ይህን አያደርግም፤ ለብቻው ማሽን ይገዛለታል። ብዙዎቹ ዲጂታሎች ግን በየመውጫቸው ላይ አላቸው።

* * *

ስቱዲዮ ያለው አንድ ወዳጄ ዘንድ የወሰድኳቸው ለዚህ ነው። ዲጂታል ሚክሰር እንዲያዩ።

የወዳጄ ቤሪንገር ኤክስ 32 ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ 32 የማይክ መግቢያና በሞተር የሚንቀሳቀሱ 25 ተንሸራታቾች ይዞ፣ ወደ 3 ሺህ ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ቀርቦ ገበያውን ያናወጠ ዕቃ ነው። ወዳጄ "ስብከት" ብሎ የመዘገበውን አንድ ቁልፍ ሲጫን ተንሸራታቾቹ ሁሉ ማንም ሳይነካቸው ወደታች ወረዱ፤ አንዱ ብቻ ቆመ። "መዝሙር" የሚለውን ሲጫን ደግሞ ተንጋግተው ወጡ።

"በስመ አብ!" አሉ ገንዘብ ያዥዋ አማትበው። ከዚያ ትንሽ ቆይተው፣ "እስቲ ድገመው።"

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ከስብከት ወደ መዝሙር ሲታለፍ ልጁ አሥራ አራት ቁልፍ ለማሯሯጥ አይገደድም። በእያንዳንዱ ቻናል ላይ ኢኳላይዘር አለ፤ ድንገተኛ ጩኸትን የሚጨፈልቅ ኮምፕሬሰር አለ፤ ማዘግየቱ አለ። ይህን ሁሉ በአናሎግ ለማግኘት ከሚክሰሩ ጎን አንድ ቁም ሣጥን ማሽን ያስፈልጋል።

ጉዳቱን የተናገሩት ሰብሳቢው ናቸው፤ በጥያቄ። "ይህ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ተመርቆ ይሄዳል። ከሱ በኋላ ማን ይነካዋል?"

አናሎግ ላይ የሚታየው ሁሉ ያለው ነው። አንድ ቁልፍ፣ አንድ ሥራ። ዲጂታሉ ግን ገጽ አለው፤ 32ቱ ቻናሎች በ16 ተንሸራታቾች ላይ ተራ በተራ ይወጣሉ፤ ጀማሪ ሰው ሰባኪውን ዝቅ ያደረገ መስሎት መሰንቆውን ያጠፋል። ለዚህ ነው እኔ "ዲጂታል ሁልጊዜ ይሻላል" ከሚሉት ወገን ያልሆንኩት። ማይኩ ስድስት ለሆነ፣ ሰባኪና ጥቂት መዘምራን ላለው ቦታ ጥሩ አናሎግ ይበቃል፤ ይተርፋልም። ቢበላሽም አገር ውስጥ የሚጠግነው ይገኛል፤ የዲጂታሉ ሰሌዳ ሲቃጠል ግን ብዙ ጊዜ ሙሉ ሰሌዳ መፈለግ ነው።

ተንሸራታች የሌላቸውም አሉ። ኤክስ አር 18 ለምሳሌ 16 የማይክ መግቢያና 6 ኦክስ አለው፤ መጠኑ ግን ትንሽ ሣጥን ነው፤ የሚታዘዘው ከታብሌት ነው። በወረቀቱ ላይ ከጻፍነው ጋር ልክክ ይላል፤ ዋጋውም ይቀላል። እኔ እሱን ለመምከር አፌን ስከፍት ገንዘብ ያዥዋ ቀደሙኝ።

"ታብሌቱ ባትሪ ቢጨርስስ? የሰው ልጅ ቢወስደውስ?"

ፈገግ አልን እንጂ ጥያቄው ቀልድ አልነበረም። ሺህ ሰው ስልክ ይዞ በተሰበሰበበት ቦታ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ዋይፋይ ሲቆራረጥ ያየ ያውቀዋል፤ ልምድ ያላቸው ሰዎች ለብቻው ራውተር ይገዙለታል ወይም በገመድ ያገናኙታል። ጉባኤ መሀል ግንኙነቱ ሲቋረጥ ድምፁ አይጠፋም፤ እንደነበረ ይቀጥላል። የሚጠፋው መቆጣጠሪያው ነው። ማይኩ ማፏጨት ከጀመረ የሚይዘው የለም።

መብራት ደግሞ አለ። አናሎግ ሚክሰር መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ወዲያው አብሮ ይነሣል። ዲጂታሉ ኮምፒውተር ነው፤ ለአንድ አፍታ ብልጭ ብሎ ቢጠፋበት እንደገና እስኪነሣ ጉባኤው ዝም ብሎ ይጠብቀዋል። ዩፒኤስ የሌለው ዲጂታል ሚክሰር ባይገዛ ይሻላል፤ ዩፒኤሱ እንደ ትርፍ ዕቃ ሳይሆን እንደ ሚክሰሩ አካል ይቆጠር። ዕጣንና አቧራም ቢሆኑ ቀላል አይደሉም። የዕጣን ጭስ የሚተወው ማጣበቂያ ተንሸራታቹ ውስጥ ከአቧራ ጋር ሲዋሐድ ማንኮሻኮሽ ይጀምራል። የአሮጌው ሚክሰር ሦስተኛ ቻናል ሕመሙ ይኸው ነበር። ነጠላ ጨርቅ አይበቃም፤ ክዳን ያለው ሣጥን ማሠራት ያስፈልጋል።

* * *

ስለ ዋጋው። ገንዘቡ መሰብሰብ የጀመረው ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ነበር። በዚያ ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በሣጥን የተቀመጠው ብር ቁጥሩ አልተነካም፤ የሚገዛው ሚክሰር ግን በግማሽ ገደማ አነሰ። ገንዘብ ያዥዋ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ውስጥ የራሳቸውን ቸልተኝነት የሚወቅስ ነገር ነበር፤ ጥፋቱ የእሳቸው እንዳልሆነ ነግረን አጽናናናቸው።

ዋጋ ሲከብድ ሰው ወደ አስመሳዩ ዕቃ ያዘነብላል። ያማሃም ሹርም በስማቸው ስለሚሸጡ አስመሳይ ምርቶች ገዢን አስጠንቅቀዋል። ለመለየት የረቀቀ ዘዴ አያስፈልግም። ኤም ጂ 12 ኤክስ ዩ ላይ ያለው ዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር መገናኛ ነው፤ ፍላሽ ሰክተው መዝሙር አያጫውቱበትም። ስሙ ያማሃ፣ ቁጥሩም ያው ሆኖ የፍላሽ መሰኪያና ባለ ቀለም ማሳያ ያለው ካጋጠማችሁ ያማሃ የሠራው አይደለም። አስመሳይ መሆኑን አውቆ በልኩ ዋጋ የሚገዛ ሰው ላይ አልፈርድም፤ በዋናው ዋጋ የሚገዛው ያሳዝነኛል።

ሌላው መመርመሪያ መልቲሜትር ነው። ኮንደንሰር የሚባሉት፣ ለመዘምራን የሚመረጡት ማይኮች ከሚክሰሩ 48 ቮልት ይፈልጋሉ፤ እንደ ሹር ኤስ ኤም 58 ያሉት፣ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ የሚሠራው በእጅ የሚያዘው ማይክ፣ አይፈልጉም። 48 ቮልቱን አብርታችሁ በማይክ መሰኪያው 1ኛና 2ኛ እግር መካከል፣ ቀጥሎም በ1ኛና 3ኛ መካከል ለኩ። ከ44 እስከ 52 ባለው ውስጥ መሆን አለበት። 20 ወይም 30 የሚያነብ ሚክሰር ኮንደንሰር ማይካችሁን በረሃብ ይገድለዋል።

በመጨረሻ የተገዛው ያገለገለ ነው። ዲጂታል፣ በሞተር የሚንቀሳቀሱ ተንሸራታቾች ያሉት፣ 16 ማይክ የሚቀበል። የምርቱን ስም አልጽፍም፤ ለዚያ አዳራሽና ለዚያ ልጅ የተስማማ ለእናንተ ላይስማማ ይችላል። የያዙት ገንዘብ አዲስ፣ በታብሌት የሚታዘዝ ሣጥን ይገዛ ነበር፤ እነሱ ግን በእጅ የሚነካ ነገር ፈለጉ፤ እኔም በኋላ ሳስበው ልክ ነበሩ። ሻጩ ቤት የፈጀነው ሦስት ሰዓት ነው። ልጁ የራሱን ማይክ፣ የራሱን ኬብልና የጆሮ ማዳመጫ ይዞ ሄዶ 16ቱንም ቀዳዳ አንድ በአንድ ሰካባቸው። እያንዳንዱን ተንሸራታች ከታች እስከ ላይ አመላለሰ። ኦክሶቹን ሁሉ በየተራ አዳመጠ። ከዚያ ሚክሰሩን ሳያጠፋ ሻይ ጠጥተን ተመለስን፤ ሲሞቅ የሚያብድ ዕቃ አለና። ዘጠነኛው ቻናል ላይ ትንሽ ሽውታ ነበረው፤ ለላፕቶፕ ይሆናል ተብሎ ዋጋ ተቀነሰበት። ከቀረው ብር ዩፒኤስ፣ ለክራሩ ዲ አይ፣ ለበገናው አንድ ደህና ማይክ ተገዛ።

"ስብከት" እና "መዝሙር" የሚሉት ቁልፎች ተመዝግበዋል። ልጁ ሁለት ታናናሾቹን በየሳምንቱ ከጎኑ ያስቀምጣል፤ አንዷ ከወዲሁ ትበልጠዋለች ይላል። ሚክሰር ልትገዙ የተነሣችሁ እድሮች፣ ማኅበራት፣ ባንዶች፣ ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት አንድ ደረሰኝ ገልብጡና መድረካችሁን ከግራ ወደ ቀኝ ጻፉት፤ ማይኩን ለብቻ፣ ሰሃኑን ለብቻ።

ገንዘብ ያዥዋ ንብረቱን መዝገብ ላይ ሲያስገቡ አጠገባቸው ነበርኩ። ካርቶኑ ላይ ያለውን አልገለበጡም። የጻፉት እንዲህ ነው፦ "አንድ ሚክሰር፣ ያገለገለ፣ 16 ማይክ የሚሰካበት። ተቆጥሯል።"